«በስህተት ነው» ከተባለ በኋላ፦ ከሞያሌ እስከ ዱብሉቅ የሚነሳ የፍትሕ ጥያቄ

ቅዳሜ መጋቢት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. በሞያሌ ከተማ የመከላከያ ሠራዊት አባላት በከፈቱት ተኩስ ሰላማዊ ነዋሪዎች ሕይወታቸውን አጡ። ብዙም ሳይቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ኮማንድ ፖስት ሴክሬታሪያት ኃላፊ የነበሩት ሌተና ጄኔራል ሐሰን ኢብራሂም በሰጡት መግለጫ 9 ሰዎች መሞታቸውንና 12 መቁሰላቸውን አስታወቁ። በመግለጫው መሠረት ሠራዊቱ ወደ ስፍራው የተሰማራው በኬንያ በኩል ሰርገው የገቡ የኦሮሞ ነጻነት ግንባር ታጣቂዎችን ለመከታተል ነበር፤ ጥቃቱ የተፈጸመው ግን በተሳሳተ መረጃ ነው። በድርጊቱ የተሳተፉ 5 የሠራዊቱ አባላትም ትጥቅ ፈትተው ምርመራ እየተደረገባቸው መሆኑ ተገለጸ።

በቀጣዮቹ ቀናት ከ8 ሺህ በላይ የሞያሌና የአካባቢው ነዋሪዎች ድንበር ተሻግረው ወደ ኬንያ ማርሳቢት ግዛት ገቡ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ በኋላ ወደ ቀያቸው ተመልሰዋል። ከሟቾቹ መካከል ግን የተመለሰ የለም፤ ቤተሰቦቻቸው የያዙትም ከመንግሥት አፍ የወጣ አንድ ቃል ነው፤ «በስህተት»።

ይህ ቃል በተለምዶ የነገር መዝጊያ ተደርጎ ይወሰዳል። የሰማው ሰው «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ስህተት ነው ብለዋል» ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሕግ ዓይን ሲታይ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። መንግሥት ሰላማዊ ሰው በስህተት መገደሉን ሲያምን የሚዘጋ መዝገብ የለም፤ እንዲያውም በወንጀልም በፍትሐ ብሔርም የሚከፈቱ መዝገቦች አሉ። ጉዳዩ በሞያሌ መንገድ ላይ ለሚኖር ማኅበረሰብ ሁሉ የሚጠቅም በመሆኑ በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል።

በዚህ መንገድ ላይ ከሚገኙ ከተሞች አንዷ ዱብሉቅ ናት። ከያቤሎ ተነስቶ በሜጋ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርደው ዋና መንገድ ያቋርጣታል። በግመልና በከብት ገበያዋ የታወቀች ስትሆን፣ ከቦረና ጥንታዊ ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች፣ ማለትም ከቱላ ሳግላን መካከል የሚቆጠሩት በእርሷ አቅራቢያ ይገኛሉ። በድርቁ ዓመታት ከብቶቻቸው ያለቁባቸው ቤተሰቦች ተሰብስበው የተጠለሉባት ስፍራም ናት። በሌላ አነጋገር ዱብሉቅ ብዙ ሰው፣ ብዙ መንገደኛና ብዙ ተፈናቃይ የሚገናኝባት ቦታ ናት። ማን የአካባቢው ሰው እንደሆነ፣ ማን ከሩቅ እንደመጣ፣ ማንስ ምን እንደያዘ ለይቶ ለማወቅ የአካባቢውን ኑሮ ጠንቅቆ ማወቅን ይጠይቃል።

በፀረ ሽብር ዘመቻ ወቅት የሚፈጠሩ ስህተቶች በአብዛኛው ከዚህ ነጥብ ይጀምራሉ። በቆላማው ቦረና አርብቶ አደር መንጋውን ከዘራፊና ከአውሬ ለመጠበቅ መሣሪያ ይዞ መጓዙ አዲስ ነገር አይደለም። ውኃ ሩቅ በመሆኑ ሌሊት መነሳት ግድ ነው። ወጣቶች በቡድን ሆነው ከብት ነድተው ለቀናት ከመንደር ይርቃሉ። መሣሪያ የያዙ፣ በሌሊት የሚንቀሳቀሱ፣ በቡድን የሆኑ ወጣቶች ሲባል ለአካባቢው ነዋሪ የእረኞች ወግ ነው፤ ከሩቅ ለመጣና የጥቆማ ወረቀት ለያዘ አዛዥ ግን ሌላ ትርጉም ሊሰጥ ይችላል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ግለሰቦች በፈቃድ መሣሪያ የሚይዙበትን ሥርዓት ደንግጓል። ፈቃድ የሌለው መሣሪያ መያዝ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ ይሁንና ጥፋቱ በፍርድ ቤት የሚዳኝ እንጂ በራሱ ሰውን ተዋጊ የሚያደርግ ወይም ተኩስን የሚፈቅድ አይደለም።

ሁለተኛው የስህተት ምንጭ ጥቆማው ራሱ ነው። በግጦሽ፣ በውኃና በወሰን በሚጋጩ ማኅበረሰቦች መካከል «እነ እገሌ ታጣቂ ይቀልባሉ» የሚል ጥቆማ እንዲሁ የሚሰነዘር መረጃ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ቂም መወጫም ሊሆን ይችላል። መረጃውን ከሌላ ምንጭ ጋር ማመሳከር፣ የአካባቢውን አስተዳደርና የሀገር ሽማግሌ መጠየቅ፣ በመያዝ ሊፈጸም የሚችለውን በተኩስ አለመፈጸም የአዛዡ ግዴታዎች ናቸው። ስህተቱን ማስቀረት ይቻል ነበር ወይስ አይቻልም የሚለው ጥያቄ የሚመለሰውም እነዚህ ነገሮች መደረጋቸው ሲጣራ ነው።

ስለ ሽብርተኝነት ስያሜም አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። የኦሮሞ ነጻነት ግንባር በ2003 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሽብርተኝነት ተሰይሞ ነበር። ሰኔ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ይኸው ምክር ቤት ስያሜውን አነሳ። በሞያሌው ተኩስና በስያሜው መነሳት መካከል ያለው ጊዜ አራት ወር እንኳ አይሞላም። በኋላም ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ዓ.ም. «ሸኔ» በሚል ስም የሚታወቀው ቡድን በሽብርተኝነት ተሰየመ፤ በቦረናና በጉጂ የሚካሄዱ የጸጥታ ዘመቻዎችም በዚህ ማዕቀፍ ውስጥ ቀጠሉ። ስያሜ ይሰጣል፣ ይነሳልም። ስያሜው የሚጸናው ግን በድርጅቱ ላይ ነው፤ በመንደሩ፣ በጎሳው ወይም ቋንቋውን በሚናገር ሰው ላይ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 652/2001ን የተካው የሽብር ወንጀልን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1176/2012ም ቢሆን በሽብር የተጠረጠረን ሰው ወደ ፍርድ ለማቅረብ የወጣ ሕግ ነው።

ስህተት በወንጀል ሕግ ፊት

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 80 ፍሬ ነገርን በመሳሳት ስለሚፈጸም ወንጀል ይደነግጋል። አንድ ሰው ያለውን ሁኔታ በተሳሳተ መንገድ ተረድቶ ድርጊቱን ከፈጸመ የሚዳኘው እርሱ በተረዳው ሁኔታ መሠረት ነው። ይህ ማለት ታጣቂ መስሎት በእረኛ ላይ የተኮሰ ወታደር አስቦ ሰላማዊ ሰው እንደገደለ ተደርጎ ላይከሰስ ይችላል። ድንጋጌው ግን በዚህ አያበቃም። የሚገባውን ጥንቃቄ ቢያደርግ ኖሮ ስህተቱን ማስወገድ ይችል ከነበረ፣ በቸልተኝነት ተጠያቂ ይሆናል። ይህ ሁለተኛው ክፍል በአደባባይ ንግግር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

በቸልተኝነት ሰው መግደል በአንቀጽ 543 ተደንግጓል። በተራው ሁኔታ ቅጣቱ ቀላል ነው። ነገር ግን የሞቱት ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ወይም ጥፋተኛው ግልጽ የሆነ ደንብና መመሪያን አውቆ ከጣሰ፣ ንዑስ አንቀጽ 3 ከ5 እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ይደነግጋል። ዘጠኝ ሰዎች በሞቱበት ጉዳይ «ስህተት ነው» የሚለው መከላከያ፣ ቢሳካ እንኳ፣ ወደዚህ አንቀጽ ሊያደርስ ይችላል ማለት ነው። ትእዛዝ ሰጪ በአንቀጽ 73 ተጠያቂ የሚሆንበት፣ ትእዛዝ ፈጻሚም የትእዛዙን ሕገ ወጥነት እያወቀ ከፈጸመ በአንቀጽ 74 የሚጠየቅበት ሁኔታ አለ። በመሆኑም ምርመራው ምላጭ የሳበውን ወታደር በመለየት ብቻ ሊቆም አይገባም፤ መረጃውን ያመጣው፣ ያጸደቀውና «ተኩስ» ያለው ማን እንደሆነም መለየት ይኖርበታል።

የመከላከያ ሠራዊት አባል በግዳጅ ላይ እያለ የፈጸመው ወንጀል እንደ ጉዳዩ ሁኔታ በወታደራዊ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። ይህ በቤተሰብ ዘንድ «ጉዳዩ ከእጃችን ወጣ» የሚል ስሜት ማሳደሩ አይቀርም። ሆኖም የወንጀሉ ክስ በየትኛውም ችሎት ቢታይ የካሳ ጥያቄው የቤተሰቡ ንብረት ሆኖ ይቆያል።

ቅን ልቦናና የመንግሥት ዕዳ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ኃላፊነትን በሚመለከተው ክፍል፣ በአንቀጽ 2126 እና 2127፣ ስለ መንግሥት ሠራተኛ ጥፋት ይደነግጋል። ሕጉ ጥፋቱን በሁለት ይከፍላል። ሠራተኛው በቅን ልቦና፣ በሥልጣኑ ክልል ውስጥ እንደሆነና ለመንግሥት ጥቅም እንደሚሠራ አምኖ ያጠፋው ጥፋት የሥራ ጥፋት ይባላል። ከዚህ ውጭ ያለው የግል ጥፋት ነው። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው ካሳውን ከመንግሥት ሊጠይቅ ይችላል፤ መንግሥትም የከፈለውን ኋላ ከሠራተኛው የመጠየቅ መብት አለው። በተጨማሪም ሠራተኛው ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ በቅን ልቦና እንደሠራ ይገመታል።

ይህን ድንጋጌ ከሞያሌው መግለጫ ጎን አስቀምጦ ማንበብ ጠቃሚ ነው። «ሠራዊቱ ለግዳጅ ተሰማርቶ ሳለ በተሳሳተ መረጃ ተኮሰ» የሚለው አነጋገር፣ ሲሰማ ወታደሩን ለመከላከል የተነገረ ይመስላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሲመዘን ግን የሥራ ጥፋት ትርጓሜን ከሞላ ጎደል የሚያሟላ አነጋገር ነው። ወታደሩን ከግል ዕዳ የሚያወጣው ቅን ልቦና፣ ዕዳውን ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ያሻግራል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መግለጫ የተሰጠበት ጋዜጣ፣ የቴሌቪዥን ቅጂ ወይም የተጻፈ ደብዳቤ ለቤተሰብ ቁጣ መቀስቀሻ ብቻ ሳይሆን ማስረጃ ነው፤ ተጠብቆ ሊቀመጥ ይገባል።

የካሳው መጠን ግን ሌላ ችግር አለው። አንቀጽ 2095 የሟች የትዳር ጓደኛ፣ ወደላይና ወደታች የሚቆጠሩ ዘመዶች በሞቱ ምክንያት ለደረሰባቸው ጉዳት በራሳቸው ስም ካሳ እንዲጠይቁ ይፈቅዳል፤ መሠረቱም ያጡት መተዳደሪያ ነው። ደመወዝ ላለው ሰው ይህን ማስላት አይከብድም። በዱብሉቅ ገበያ ግመል ለሚያሻሽጥ ደላላ፣ ወይም 30 ከብት ይጠብቅ ለነበረ የ20 ዓመት ወጣት ግን የደመወዝ ወረቀት የለም። እንዲህ ባለው ጉዳይ የመንጋው ብዛት፣ ሟቹ ይሸፍን የነበረው የቤት ወጪና ያሳድጋቸው የነበሩ ልጆች ቁጥር በምስክርና በቀበሌ ማስረጃ ሊረጋገጥ ይገባል።

ከሁሉ የሚያስገርመው የኅሊና ጉዳት ካሳ ነው። አንቀጽ 2116 ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ1 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ይገድባል። ሕጉ በወጣበት በ1952 ዓ.ም. ይህ ገንዘብ ክብደት ነበረው። ዛሬ በዱብሉቅ ገበያ አንድ ፍየል እንኳ የማይገዛ ገንዘብ የልጅን ሞት ሐዘን ለመካስ የተቀመጠ ጣሪያ ሆኖ መቆየቱ፣ የሕግ ባለሙያዎች ለዓመታት ሲተቹት የቆየ ጉድለት ነው። ጠያቂዎች ይህን አውቀው አቤቱታቸውን በዋናነት በቁሳዊ ጉዳትና በመተዳደሪያ ማጣት ላይ ማቆም ይኖርባቸዋል።

ሐዘኑ ሳይወጣ የሚቆጠር ጊዜ

አንቀጽ 2143 ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ክስ የሚቀርብበትን ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት አድርጎታል። ቤተሰብ ሐዘን ላይ ሆኖ፣ ሽማግሌ እየላከ፣ የምርመራ ውጤት እየጠበቀ 2 ዓመት ሳያስበው ያልፋል። ነገር ግን ይኸው አንቀጽ ጉዳቱ የደረሰው በወንጀል ከሆነና ለወንጀሉ የተቀመጠው የይርጋ ጊዜ ከዚህ የሚረዝም ከሆነ፣ ረዥሙ ጊዜ ተፈጻሚ እንደሚሆን ይደነግጋል። በርካታ ሰዎች የሞቱበት በቸልተኝነት የመግደል ወንጀል ይርጋው ከ2 ዓመት በእጅጉ የራቀ ነው። ስለዚህ «ጊዜው አልፏል» የተባለ ቤተሰብ የወንጀሉን አንቀጽ ሳያስመረምር ተስፋ መቁረጥ የለበትም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101ም ተጎጂው የካሳ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል።

ማስረጃን በተመለከተ በአካባቢው ልዩ ችግር አለ። በቆላማው ቦረና አስከሬን በዚያው ዕለት መቅበር የብዙዎች ወግ ነው። ሙቀቱም ሃይማኖቱም ይህን ያስገድዳሉ። ወጉን ማክበር ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ያለ ሐኪም ምርመራ የተቀበረ ሟች ምን ዓይነት ጥይት፣ ከየት አቅጣጫ፣ ከምን ያህል ርቀት እንደመታው የሚናገር ወረቀት ሳይኖረው ይቀበራል። ቢቻል ከቀብር በፊት በአቅራቢያው ባለ ጤና ተቋም የአስከሬን ምርመራ ውጤት በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ፣ ካልተቻለም አስከሬኑን ያጠቡና ያዩ ሰዎች ስምና ቃል ወዲያውኑ እንዲመዘገብ ማድረግ፣ ልብሱን ሳያጥቡ ማስቀመጥ፣ ቦታውንና ሰዓቱን መጻፍ ይጠቅማል። ለቆሰሉትም የሕክምና ማስረጃ ተመሳሳይ ዋጋ አለው።

ሞት በ30 ቀናት ውስጥ በቀበሌው የክብር መዝገብ ሹም ዘንድ መመዝገብ እንዳለበት አዋጅ ቁጥር 760/2004 ያዝዛል። ይህ ቀላል የሚመስል ጉዳይ ኋላ ትልቅ መሰናክል ይሆናል። የሞት ምስክር ወረቀት ሳይኖር የወራሽነት ማረጋገጫ ማግኘት ያስቸግራል፤ የወራሽነት ማረጋገጫ ሳይኖር ደግሞ ፍርድ ቤት በሟች ስም የቀረበን የንብረት ጥያቄ ለመቀበል ይቸገራል። ጋብቻቸው በባህል ብቻ የተፈጸመ ሚስቶችም የጋብቻውን መኖር በምስክር ለማረጋገጥ ቀድመው መዘጋጀት ይኖርባቸዋል።

ቀጣዩ ጥያቄ የትኛው በር ይንኳኳ የሚለው ነው። መልሱ የተኮሰው ኃይል የየትኛው ተቋም አባል እንደሆነ በማወቅ ላይ የተመሠረተ ነው። የመከላከያ ሠራዊትና የፌዴራል ፖሊስ የፌዴራል ተቋማት ናቸው፤ የኦሮሚያ ፖሊስና ሚሊሻ ለክልሉ ተጠሪ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች ወደ ሌሎች የጸጥታ ተቋማት እንዲገቡ ከተወሰነ ወዲህ ቀድሞ በልዩ ኃይል ስም የሚታወቁ አባላት ዛሬ ሌላ መለዮ ሊለብሱ ይችላሉ። በመሆኑም ምስክሮች የመለዮውን ዓይነት፣ የተሽከርካሪውን ሰሌዳና የቡድኑን መጠሪያ ማስታወሳቸው ወሳኝ ነው።

የፌዴራል ተቋም ተከሳሽ የሚሆንበት ጉዳይ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሥልጣን ነው። ይህ ማለት ግን የዱብሉቅ ነዋሪ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ አዲስ አበባ ይመላለሳል ማለት አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች የፌዴራል ፍርድ ቤት ሥልጣንን ደርበው እንዲሠሩ ይፈቅዳል። ስለሆነም እንደ ክሱ ዓይነትና መጠን፣ አቤቱታው በዞኑ ከተማ በያቤሎ በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ በኦሮምኛ ቋንቋ ሊቀርብ የሚችልበት መንገድ አለ። የወንጀል ጥቆማ ለወረዳው ፖሊስና ለዓቃቤ ሕግ በጽሑፍ ቀርቦ የተመዘገበበት ቁጥር መወሰድ አለበት፤ በቃል ብቻ የቀረበ ጥቆማ ኋላ «አልቀረበም» ሊባል ይችላል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 210/1992 ተቋቁሞ በአዋጅ ቁጥር 1224/2012 ሥልጣኑ የተጠናከረ ነጻ ተቋም ነው፤ አቤቱታ ያለ ክፍያ ይቀበላል፣ ይመረምራል። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌላቸው በዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚገኙ ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትን መጠየቅ ይችላሉ።

የኮሚሽኑ ምርመራ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ኅዳር 2014 ዓ.ም. በምሥራቅ ሸዋ ፈንታሌ ወረዳ ከተፈጸመው መረዳት ይቻላል። የከረዩ አባ ገዳን ጨምሮ 14 ሰዎች ሲገደሉ በመጀመሪያ ኃላፊነቱ ለታጣቂው ቡድን ተሰጥቶ ነበር። ኮሚሽኑ ባካሄደው ምርመራ ግድያውን የፈጸሙት የመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መሆናቸውን ይፋ አደረገ። በሞያሌው ጉዳይ ስህተቱን ያመነው ራሱ የጸጥታ አካሉ ነው፤ በከረዩው ግን እውነቱ የወጣው በነጻ ምርመራ ነው። የከረዩው ግድያ በስህተት የተፈጸመ ነው ተብሎ አልቀረበም፤ የመጀመሪያው መግለጫ ሁልጊዜ የመጨረሻው እንዳልሆነ ግን ያሳያል።

ሽምግልናና ጉማ

በኦሮሞ ባህል ነፍስ ሲጠፋ ጉማ ይወጣል። ሽማግሌዎች ይገባሉ፣ ገዳዩና ጎሳው ያምናሉ፣ ካሳ ይከፈላል፣ ደም ይደርቃል። ሥርዓቱ ለብዙ ዘመን ቂምን አስቀርቷል። ጉማ ግን ገዳዩ ማን እንደሆነና የየትኛው ጎሳ ልጅ እንደሆነ መታወቁን ይጠይቃል። የገደለው ስሙ የማይታወቅ፣ ከሌላ ክልል ለግዳጅ የመጣ፣ በትእዛዝ የተኮሰ ወታደር ሲሆን ሽማግሌው ወደ ማን ይላካል? ወላጆቹ ምናልባት ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ባሻገር የሚኖሩ፣ ስለ ነገሩ ምንም ያልሰሙ ገበሬዎች ናቸው። በዚህ ጊዜ የጎሳውን ቦታ መያዝ ያለበት መንግሥት ነው። የአካባቢ አስተዳደሮች ለቤተሰቡ ለቀብር ወይም ለቀለብ የሚሰጡት ገንዘብ የማስተዛዘኛ ድጋፍ ነው። ቤተሰቡ ይህን መቀበሉ ሙሉ ካሳ ከመጠየቅ አያግደውም፤ ድጋፉ ሲሰጥ «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት እንዲፈርም ከተጠየቀ ግን ይዘቱን ሳያስነብብ መፈረም የለበትም።

የሌሎች ሀገሮች ልምድም ተመሳሳይ ፈተና ያሳያል። በለንደን ሐምሌ 15 ቀን 1997 ዓ.ም. ፖሊስ ዣን ቻርለስ ደ ሜኔዜስ የተባለን ብራዚላዊ አጥፍቶ ጠፊ መስሎት በባቡር ውስጥ ተኩሶ ገደለው። በግለሰብ ደረጃ የተከሰሰ ፖሊስ አልነበረም። ይሁንና ተቋሙ ራሱ፣ የሕዝብን ደኅንነት ባለመጠበቅ ተከስሶ በ2000 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተባለ፤ 175 ሺህ ፓውንድም ተቀጣ። ጥፋቱን ከአንድ ሰው ጣት ላይ አንስቶ ወደ ዕቅዱና ወደ አመራሩ የወሰደ ፍርድ ነው። በናይጄሪያ ካዱና ግዛት ቱዱን ቢሪ መንደር ደግሞ ኅዳር 2016 ዓ.ም. የሠራዊቱ ሰው አልባ አውሮፕላን የመውሊድ በዓል ላይ የነበሩ ቢያንስ 85 ሰዎችን ገደለ። የሠራዊቱ ዋና አዛዥ በአካል ሄደው ይቅርታ ጠየቁ፤ ከወራት በኋላም ሁለት መኮንኖች በወታደራዊ ፍርድ ቤት እንደሚቀርቡ ተገለጸ። ይቅርታው ቶሎ መምጣቱ መልካም ነው፤ ለቤተሰቡ የሚቀረው ጥያቄ ግን በዱብሉቅ ከሚነሳው የተለየ አይደለም።

በአስቸኳይ ጊዜ

የሞያሌው ድርጊት የተፈጸመው የካቲት 9 ቀን 2010 ዓ.ም. በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ውስጥ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 በእንዲህ ያለ ጊዜ የማይነኩ ድንጋጌዎችን ሲዘረዝር አንቀጽ 1፣ 18፣ 25 እና የአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2ን ይጠቅሳል። በአንቀጽ 15 የተደነገገው በሕይወት የመኖር መብት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከዚህ በመነሳት በአስቸኳይ ጊዜ የሰው ሕይወት ጥበቃ ይላላል ብለው የሚያስቡ አሉ። ድምዳሜው ስህተት ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 4 በሕይወት የመኖር መብት በማናቸውም የአስቸኳይ ጊዜ ሊታገድ እንደማይችል በግልጽ ይደነግጋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የሀገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። ከዚህም ሌላ አንቀጽ 93 ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋም፣ ኢሰብዓዊ እርምጃ እንዳይወሰድ እንዲከታተልና ጥፋት የፈጸሙ ወደ ፍርድ እንዲቀርቡ ሐሳብ እንዲያቀርብ ያዝዛል። ወደፊት በአካባቢው የአስቸኳይ ጊዜ ቢታወጅ ቦርዱ አንዱ የአቤቱታ በር መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ከክስ ባሻገር እውነትን ማፈላለግንና ለተጎጂዎች ማካካሻ መስጠትን ያካተተ ነው። በ2010 ዓ.ም. በሞያሌ፣ ከዚያም በፊትና በኋላ በቦረናና በጉጂ ሰው የሞተባቸው ቤተሰቦች ጉዳያቸው በዚህ ማዕቀፍ ሊታይላቸው የሚችል በመሆኑ፣ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የምስክሮች ስም ዝርዝርና ለፖሊስ ወይም ለኮሚሽኑ ያቀረቡት አቤቱታ ቅጂ ካላቸው በአንድ ላይ አስቀምጠው መያዝ ይጠቅማቸዋል። የሞት ምዝገባ በጊዜው ያላደረጉ ቤተሰቦች ዘግይተው ለማስመዝገብ በሚኖሩበት ቀበሌ ሲያመለክቱ፣ ሟቹ የሞተበትን ቀንና ቦታ የሚያውቁ ምስክሮችን ይዘው መቅረብ ይጠበቅባቸዋል።